ሦስት ከመቶ፦ ስለ ጥቂት ድምፅና ስለ ሰፊ አገር

በምሩቃን ማኅበሩ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



 አዘጋጅ ኮሚቴው «ከምትኖሪበት ከአላስካ አንድ ነገር አውሪልን» ሲለኝ ሁላችሁም የጠበቃችሁት ስለ ብርድና ስለ ድብ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለ ብርዱ በሻይ ሰዓት እነግራችኋለሁ። አሁን ግን ስለ አንድ ትንሽ የፖለቲካ ፓርቲ ነው የማወራው። የአላስካ አረንጓዴ ፓርቲ ይባላል። ገዥነትንም ሆነ ሴናተርነትን አንድም ጊዜ አላሸነፈም። እኔም የፓርቲው አባል አይደለሁም። «ታዲያ ምን አገባሽ?» ብትሉኝ መልሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ይህንን ማኅበርም ይነካል። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አገሩን ላሳያችሁ። አላስካ ከኢትዮጵያ በስፋት ይበልጣል፤ 1.7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሕዝቡ ቁጥር ግን 730,000 አካባቢ ነው። አብዛኛዎቹ መንደሮች በመኪና መንገድ አይገናኙም። ዋና ከተማዋ ጁኖ እንኳ ሳትቀር በመኪና አይገባባትም፤ ወይ በአውሮፕላን ነው፣ ወይ በመርከብ። እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ በአንኮሬጅ እሠራለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የገጠር አገልግሎት ግዴታ ስለነበረብኝ በትናንሽ አውሮፕላኖች ወደ ምዕራብ እመላለስ ነበር። ቤቴል የምትባለው ከተማ ላይ ወርዶ፣ ከዚያ ደግሞ በሌላ ትንሽ አውሮፕላን ሦስት መቶና አራት መቶ ሰው ወዳለበት መንደር መሄድ ነው።

መንደሩ ሐኪም የለውም። ያለችው የጤና ረዳት ናት። ከዚያው መንደር ተመርጣ፣ በጥቂት ሳምንታት ዙር ዙር ኮርስ ሠልጥና፣ መመሪያ መጽሐፏን ከፍታ በስልክ ከሐኪም ጋር እየተመካከረች ታክማለች። ሥራው የተጀመረው በ1950ዎቹ የሳምባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚያድሉ ሰዎችን በየመንደሩ በማሠልጠን ሲሆን፣ በ1968 ደግሞ የመንግሥት በጀት ያለው ፕሮግራም ሆነ። የመጀመሪያዋን የጤና ረዳት ሳገኛት በቀጥታ ትዝ ያለኝ ጎንደር ነው። በደምቢያ ወረርሽኝ የወባ ዕልቂት ከደረሰ በኋላ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ሐሳቡ ይኸው አልነበረም? ጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ቡድን ወደ ገጠር ይውጡ ነው የተባለው። እኛም ቆላ ድባ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀን ያደርንባቸው የቡድን ሥልጠና ሳምንታት የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው። ከዚያም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን መጡ። ሰፊ አገርና ጥቂት ባለሙያ ባለበት ሁሉ ሰው ተመሳሳይ መልስ ያገኛል።

ወደ ፓርቲው ልመለስ።

በመጋቢት 1989 ኤክሰን ቫልዲዝ የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ በፕሪንስ ዊሊያም ባሕረ ሰላጤ ከድንጋይ ተጋጭታ ወደ 11 ሚሊዮን ጋሎን ድፍድፍ ዘይት ባሕሩ ውስጥ ፈሰሰ። አላስካ በነዳጅ ገቢ የሚኖር ግዛት ነው። ከ1982 ጀምሮ እያንዳንዱ ነዋሪ ከነዳጁ ሀብት በየዓመቱ ድርሻውን በእጁ ይቀበላል። እንዲህ ባለ አገር «ዘይቱ ይቀነስ» ብሎ ለምርጫ መቆም የእንጀራን ገበታ እንደ መግፋት ነው። ግን በቀጣዩ ዓመት፣ በ1990፣ ጂም ሳይክስ የተባለ ሰው በአረንጓዴዎቹ ስም ለገዥነት ተወዳደረ። ከመቶ ሦስት እጅ አልፎ ጥቂት አገኘ።

ሦስት ከመቶ ለእናንተ ምንም ላይመስል ይችላል። በአላስካ ሕግ ግን ያኔ ሦስት ከመቶ በር ነበር። ለገዥነት ያቀረበው ዕጩ ሦስት ከመቶ ያገኘ ፓርቲ እውቅና ያገኛል፤ ዕጩዎቹም በቀጣዩ ምርጫ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ በቀጥታ ይሰፍራሉ። ያላገኘ ቡድን ደግሞ ለእያንዳንዱ ዕጩ ፊርማ ሲለምን ይከርማል። መንገድ በሌለበት አገር ፊርማ መለመን ምን ማለት እንደሆነ ገምቱት። በዚያች ሦስት ከመቶ የአላስካ አረንጓዴ ፓርቲ በአሜሪካ በግዛት ደረጃ እውቅና ያገኘ የመጀመሪያው አረንጓዴ ፓርቲ ሆነ። በ1991 ደግሞ ዘይቱ ከነካቸው ቦታዎች አንዷ የሆነችው ኮርዶቫ፣ ሁለት ሺህ የሚያህል ሕዝብ ያላት የዓሣ አጥማጆች ከተማ፣ ኬሊ ዊቨርሊንግን ከንቲባ አድርጋ መረጠች። በአገሪቱ የመጀመሪያው አረንጓዴ ከንቲባ ነው የሚባለው።

ከዚያ በኋላ ያለው የምርጫ ታሪክ እንደ ትኩሳት ሠንጠረዥ ይወጣል፣ ይወርዳል። በ1994 ሳይክስ እንደገና ለገዥነት ቀርቦ አራት ከመቶ ገደማ አገኘ። በ1996 ለሴኔት ተወዳደረና 12 ከመቶ ተኩል አገኘ። ከዴሞክራቷ ዕጩ በልጦ ሁለተኛ ወጣ ማለት ነው! በ2000 ራልፍ ኔደር ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር በመላ አገሪቱ ያገኘው 2.7 ከመቶ ሲሆን፣ በአላስካ ግን 10 ከመቶ አገኘ። ከሃምሳዎቹ ግዛቶች ከፍተኛው ውጤቱ ይኼ ነበር። በዚያ ጊዜ ፓርቲው ጎረመሰ ያላለ አልነበረም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በኅዳር 2002፣ ወደቀ። በአንድ ቀን፣ በአንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ፣ ያው ሳይክስ ለሴኔት ከሰባት ከመቶ በላይ ሲያገኝ፣ የፓርቲው የገዥነት ዕጩ ዳያን ቤንሰን ያገኘችው 1.3 ከመቶ ብቻ ነበር። ሕጉ የሚለካው የገዥውን ውድድር ነው። ሰባቱ አልተቆጠረም፤ አንዱ ተቆጠረ። የፓርቲነት እውቅናውም ተነሣ።

እኔ ይህን ያነበብኩት ብዙ ቆይቼ ነው። ሐኪም ነኝና «ይህ ፓርቲ በምን ሞተ?» ብዬ ምርመራ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ነገር እንደምታውቁት ታሪክ መውሰድ ነው። ውጤቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳይ አንድ ነገር ፈጠጠ። ፓርቲው ጥሩ ድምፅ ያገኘው መቼ ነው? በ1996 ቴድ ስቲቨንስ ከሦስት አራተኛ በላይ ድምፅ ሊያገኝ ማንም የተጠራጠረ የለም። በ2000 ቡሽ አላስካን እንደሚወስድ የታወቀ ነበር። በ2002ም ለሴኔት የተወዳደረው ያው ስቲቨንስ ነበር። አሸናፊው አስቀድሞ በታወቀበት ውድድር ሰው ሳይፈራ ልቡ ያለውን ይመርጣል። የገዥነቱ ውድድር ግን ሌላ ነው። በ1994 ገዥው ያሸነፈው ከ600 ባነሰ የድምፅ ልዩነት ነበር። ያንን ያየ መራጭ በቀጣዩ ጊዜ «የኔ አንድ ድምፅ የማልፈልገውን ሰው ታስገባ ይሆን?» ብሎ ይፈራል። የ2000 ፍሎሪዳ ደግሞ ፍርሃቱን በእጥፍ አደረገው።

ስለዚህ የአላስካ ሕግ የፓርቲውን ትኩሳት የለካው ሰው በጣም በሚፈራበት ሰዓት ነው። መለኪያው አልዋሸም። ግን የለካው ፓርቲው ምን ያህል ደጋፊ እንዳለው አይደለም፤ ደጋፊው ምን ያህል እንደፈራ ነው። እኛ ሐኪሞች ይህን ስሕተት በየቀኑ እንሠራለን። ታካሚው ገና ሮጦ እንደገባ የደም ግፊቱን እንለካና ዕድሜ ልኩን መድኃኒት እንጽፍለታለን።

ሁለተኛው ምክንያት ስፋቱ ነው። አምስት ሺህ ደጋፊ በአንድ ከተማ ቢኖር የምክር ቤት ወንበር ያሸንፋል። አምስት ሺህ ደጋፊ ኢትዮጵያን በሚበልጥ መሬት ላይ ቢበተን አንድም ወንበር አያገኝም። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 በአንድ የምርጫ ክልል ብዙ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል ስለሚል ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሕገ መንግሥቱን ያረቀቁት ሰዎች የተበተነና አነስተኛ ሕዝብ በዚህ ስሌት እንደሚጠፋ ስለገባቸው ነው፣ ለአነስተኛ ብሔረሰቦች ከ20 ያላነሰ መቀመጫ ለብቻ ይያዝ ያሉት።

ሦስተኛው ምክንያት ከውስጥ የመጣ ነው። ብዙው ድምፅ የፓርቲው ሳይሆን የጥቂት ሰዎች ነበር። ሰዎቹ ሲደክማቸው ድምፁም ደከመ። በ2020 የአላስካ አረንጓዴዎች የአገር አቀፉን ፓርቲ ዕጩ ትተው የቀድሞውን የሚኒሶታ ገዥ ጄሲ ቬንቱራን ለፕሬዚዳንትነት አቀረቡ። ቬንቱራ ከመቶ አንድ እንኳ አላገኘም። በቀጣዩ ዓመት አገር አቀፉ ፓርቲ የአላስካውን ቅርንጫፍ ከአባልነት ሰረዘ። የመጀመሪያው የነበረው ከቤተሰቡ ተቆረጠ። ትንሽ ሆኖ መከፋፈል ምን እንደሚያመጣ በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከማንም የተሻለ እናውቃለን፤ ሦስት ማኅበር ያላት ሁለት መቶ ሰው የማይሞላባት ከተማ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።

ታዲያ ከንቱ ነበር ማለት ነው? እንዲህ ብዬ ልጨርሰው አልችልም። ሳይክስ ኋላ ላይ ፓርቲ በማይጠቀስበት የአካባቢ ምርጫ ተወዳድሮ በማታኑስካ-ሱሲትና ምክር ቤት ወንበር አግኝቶ አገልግሏል። ስሙን ያስተዋወቀው ያ ሁሉ ሽንፈት ነው። ሌላም አለ። በ2020 የአላስካ መራጮች በሕዝበ ውሳኔ አዲስ የምርጫ ሥርዓት አጸደቁ። መራጩ ዕጩዎችን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በቅደም ተከተል ይመርጣል። አንደኛው ከወደቀበት ድምፁ ወደ ሁለተኛው ይተላለፋል። ይህን ያመጣው አረንጓዴ ፓርቲ ነው አልላችሁም፤ አይደለም። ግን ሥርዓቱ የሚያክመው ሕመም ያንን ፓርቲ የገደለውን ፍርሃት ነው። «ልቤ ያለውን ብመርጥ የማልፈልገው ይገባል» የሚለውን።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ይህን ክፍል ለመናገር ትንሽ አፍሬአለሁ።

በተማሪነት ዘመኔ ድምፅ አልሰጠሁም፤ ፈተና ነበር፣ ተረኛ ነበርኩ፣ ምክንያት አላጣሁም። ዜግነቴን ቀይሬ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጠሁት በሰኔ 2022 ነው። የአላስካ የምክር ቤት ተወካይ ዶን ያንግ በመጋቢት ስላረፉ የማሟያ ምርጫ ተደረገ፤ ሁሉም በፖስታ ነበር የሚመርጠው። ወረቀቱ ላይ 48 ስሞች ነበሩ! ማታ ከሥራ መልስ ኩሽናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ቡና አፍልቼ፣ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። መረጥኩ፣ ፈረምኩ፣ አሸግኩ፣ ላክሁ። ለእናቴም ደውዬ ነገርኳት። «እሰይ የኔ ልጅ፣ አሁን ሰው ሆንሽ» አለችኝ።

ከሳምንታት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ድምፄ አልተቆጠረም። በፖስታው ጀርባ የምስክር ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ እኔ ብቻዬን ነበርኩና አላስፈረምኩም። መመሪያው ተጽፏል፤ አላየሁትም። ሕጉ ደግሞ ያኔ ተመልሶ ማረም አይፈቅድም ነበር። በዚያ ምርጫ በዚህም በሌላም ምክንያት ከ7,000 በላይ ድምፆች ውድቅ ሆነዋል፤ ድርሻው ጎላ ያለው በገጠሩ ነው።

በዚያው ሰሞን ከአንድ መንደር የጤና ረዳቷ ደወለችልኝ። ልቡ የደከመ አንድ አዛውንት ነበሩ። የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ የኦክስጅን መጠን ነገረችኝ፣ መድኃኒቱን ተመካከርን። ከጨረስን በኋላ «ዶክተር፣ ላንቺም ደብዳቤው መጣ እንዴ?» አለችኝ። እንዴት አወቅሽ ስላት፣ ለካስ እኔ ቀደም ብዬ ስለ ምርጫው በደስታ ሳወራ ሰምታኝ ኖሯል። «እዚህ ለብዙ ቤት መጥቷል» አለች። «እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ማን ይመስክርላት?» በ2014 አንድ ፌዴራል ዳኛ ግዛቱ ለዩፒክ ተናጋሪ መራጮች በቋንቋቸው በቂ መረጃ አላቀረበም ብለው ፈርደው ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላም የእሷ እናት ፖስታውን የሚያነብላት ሰው ትፈልጋለች።

ያን ቀን የገባኝ ነገር አለ። እኔ ስለ አረንጓዴው ፓርቲ የማንበቤ ምክንያት የማወቅ ጉጉት ይመስለኝ ነበር። ግን አይደለም። ተሰጥቶ ያልተቆጠረ ድምፅ ምን እንደሚሆን ማወቅ ፈልጌ ነው።

በኅዳር 2024 አዲሱን የምርጫ ሥርዓት እንሰርዘው የሚል ሐሳብ ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ። በዚህ ጊዜ ጎረቤቴን ቡና ጠርቼ ፊት ለፊቴ አስፈረምኳት። ከ300,000 በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቶ፣ ልዩነቱ ከ800 ያነሰ ሆነ። ሥርዓቱ ለጥቂት ተረፈ። ስምንት መቶ ሰው ማለት ሁለት መንደር ነው። ሁለት የጤና ረዳቶች በስም የሚያውቁት ሰው ነው።

አሁን ወደ ማኅበራችን።

ባለፈው የገንዘብ ድልድል ላይ ድምፅ ስንሰጥ ሦስት ሐሳቦች ቀርበው ነበር። አዳራሹን ማደስ፣ የመጻሕፍትና የኮምፒዩተር ግዢ፣ ሦስተኛው ደግሞ ለገጠር የቡድን ሥልጠና የሚወጡ ተማሪዎችን ማደሪያና የመጓጓዣ ወጪ ማገዝ። ሦስተኛውን የመረጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አዳራሹ አሸነፈ፤ ተገቢም ነው፤ ይኸው ዛሬ ተቀምጠንበታል፤ አምሯል። ቅሬታ ለማቅረብ አልመጣሁም። ቅሬታ ካለኝ በራሴ ላይ ነው፤ ምክንያቱም እኔ ድምፅ አልሰጠሁም። መልእክቱ መጣ፣ ተረኛ ነበርኩ፣ «ነገ» አልኩ፣ ቀኑ አለፈ። በቆላ ድባ ያደረ ሰው፣ በአላስካ መንደር በየወሩ የሚያርፍ ሰው፣ ያችን አንዲት ምልክት አላደረገም። ስለዚህ እነዚያ በጣት የሚቆጠሩት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ባላውቅም፣ ዛሬ በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። አንድ ሰው ጎድሎባቸዋል፤ ያ ሰው እኔ ነኝ።

የምጠይቀው ውጤቱ ይቀየር ብዬ አይደለም። ሁለት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ሐሳቡ አነስተኛ ድምፅ አገኘ ተብሎ ከመዝገብ አይሰረዝ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ልመና በወረቀቱ ላይ ይስፈር። ሦስት ከመቶ የሚያህል ሰው የደገፈው ሐሳብ አንድ ጊዜ እንደገና የመሰማት መብት ይኑረው። ሁለተኛ፣ በምንመርጥበት ጊዜ አንድ ብቻ ምረጡ ከማለት ይልቅ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብለን በቅደም ተከተል እንድንሰጥ ይሁን። አዳራሹን ያስቀደመ ሰው ተማሪዎቹን ጠልቶ አይደለም እኮ። ምናልባት ለብዙዎቻችን ሁለተኛ ምርጫችን ናቸው። ማንም ስላልጠየቀን አልተናገርንም።

መምህሮቻችን በተማሪነታችን አንድ ነገር ደጋግመው ይነግሩን ነበር። በሆስፒታል የምታዩት ታካሚ ወደ ሆስፒታል መምጣት የቻለው ብቻ ነው፤ ያልመጣውን አትርሱ። በቁጥሩ ላይኛው ክፍል ያለውን ሁሉም ያያል፤ የእናንተ ሥራ ታችኛውን መጠየቅ ነው፣ ይሉን ነበር። ያኔ ለፈተና ሸመደድነው። እኔ ትርጉሙ የገባኝ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በበረዶ አገር፣ ያልተቆጠረ ድምፄን ደብዳቤ ይዤ ስቀመጥ ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው። ግን ድሩ እንዲያብር አስቀድሞ እያንዳንዷ ክር መቆጠር አለባት።

የሚቀጥለው የድልድል ምርጫ መልእክት ሲመጣ «ነገ» አትበሉ። ጎረቤታችሁን ቡና ጥሩ። እኔም ቃሌን እሰጣለሁ፤ ተረኛ ብሆንም እንኳ የመጀመሪያዋ ምልክት የኔ ናት።

እግዚአብሔር ያሳደገንን ቤት ይባርክልን።